የተረፈው ገል

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ ስመኝ ከወረታ ደወለችልኝ። ከጀርባዋ የሩዝ መፈልፈያ ይጮኻል፣ እሷ ደግሞ ከመፈልፈያው በላይ ትጮኻለች፤ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነበር የማዳምጣት። ስመኝ በሂሳብ አያያዝ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ የለም። እጇ ላይ ያለውም ጊዜያዊ ማስረጃ ነው እንጂ ዋናው ዲግሪ አይደለም፤ የወጪ መጋራት ዕዳዋን ከፍላ እስክትጨርስ ዩኒቨርሲቲው ይዞባታል። ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልጋታል፤ ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ደግሞ ዋናውን ዲግሪ አምጪ ይሏታል።

"ጋሼ፣ አባዬ ማስተርስ ቀጥዪ ይለኛል። እኔ ግን እዚህ የሩዝ ማሽን የሚጠግን ሰውዬ አለ፣ እሱ ጋ ገብቼ ሙያ ልማር ነው ሐሳቤ። እርስዎ ምን ይሉኛል?"

አባቷ አዱኛ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ቀድሞ ደውሎልኝ ነበር። "አንተ የተማርክ ነህ፣ ምከርልኝ" ብሎኛል። እውነት ነው፣ በቤተሰባችን የተማረው እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ያልዘራሁትን ጤፍ በሄክታር ስገምት ኖርኩ፤ አሁን በጡረታ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ዲግሪዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ባለቤቴ ለበዓል ለበዓል አቧራውን ትወለውለዋለች። አልንቀውም፤ አራት ልጆች ያሳደገ ወረቀት ነው። ስመኝን ግን "ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ" አልኳትና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስለ አያ ላቀው ሳስብ ቆየሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ተፈትኜ፣ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ክፈል አይባልም፤ መንግሥት አብልቶ፣ አስተኝቶ ያስተምረዋል። ያልገባውንም ቢሆን መንግሥት የሚያበላበት ሌላ ቦታ ነበረው፤ ብሔራዊ ውትድርና ይባላል። የቀበሌው ሊቀመንበር በደጃችን ባለፈ ቁጥር እናቴ ቁመቴ እንዳይታይ "ቁጭ በል" ትለኝ ነበር። ስለዚህ ኮሌጅ መግባት ለእኔ መማር ብቻ አልነበረም፣ መትረፍም ነበር። ይህን የምናገረው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም፣ ነገሩ እንደዚያ ስለነበረ ነው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አዱኛ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ልጁን አዝዬ ከኋላ፣ ከወረታ ወደ ጣና በኩል ሜዳውን ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን ወጌሻው አያ ላቀው ቤት ደረስን። ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አራት የሸምበቆ ስንጣቂ ተደርድሯል፤ ተልጎ፣ ተስተካክሎ፣ በሕፃን ክንድ ልክ ተቆርጦ።

"ቆያችሁ" አሉን።

ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ልጁ የወደቀው በዚያው ጠዋት ነው። አባቴ አማተቡ፤ እኔ ደግሞ በልቤ፣ መንገድ ላይ ቀድሞን ያለፈ ሰው ነግሯቸው ይሆናል ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። አያ ላቀው በስመ አብ ብለው ሥራቸውን ጀመሩ። የአዱኛን ክርን ያዝ አሉኝና ያዝኩ። አጥንቱ ገብቶ ሲገጥም በመዳፌ ተሰማኝ፤ በር በመቀርቀሪያው ሲዘጋ እንደሚሰማው ዓይነት ነገር ነው። ሸምበቆው ሲታሰር ደግሞ አንድ ጣት እንኳ አልተረፈም፣ አንድ ጣት አልጎደለም።

ሲጨርሱ የእኔን እጅ ያዙና አገላብጠው ዳሰሱት።

"ቄስ፣ ይኸ እጅ ይሰማል" አሉ አባቴን። "ክረምቱን ለእኔ ይስጡኝ። ሚስቴም ሞታለች፣ ወንድ ልጅም የለኝ፤ ሙያው ከእኔው ጋር ሊቀበር ነው።"

"ልጁ'ኮ ተማሪ ነው፣ አያ ላቀው። ውጤት እየጠበቀ ነው።"

"እየጠበቀስ ምን ይሠራል? ሁለቱንም ይሞክር እንጂ።"

አባቴ እሽ አሉ። የልጃቸውን ክንድ ላዳነ ሰው እንቢ ማለት አልሆነላቸውም። ደግሞም ውሃው ሜዳውን ሲዘጋው የቀበሌ ሰው እዚያ ድረስ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። እኔም ልብሴንና የባዮሎጂ መጽሐፌን ቋጥሬ ሰኔ ላይ ሄድኩ።

የፎገራን ሜዳ በበጋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ፎገራን አላወቀም። በበጋ ጓያውና ሽምብራው ለምልሞ፣ ከብቱ ተሰማርቶ፣ ዓይን የሚያሳርፍ አገር ነው። ሐምሌ ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ግን ሜዳው ይጠፋል። ጠዋት ስትነሳ ትናንት የረገጥከው መንገድ የለም፤ ጎጆዎቹ በየጉብታቸው ላይ ብቻቸውን ቀርተዋል፣ ከጎረቤት ጎረቤት በደንገል ታንኳ ነው የሚኬደው። ከዚያ በላይ ጉም ይወርድበታል። ከብቱ አብዛኛው ወደ ደጋ ወጥቷል፣ ግን ጉሙ ውስጥ ላም ስትጮኽ ይሰማል፤ መሬት ከሌለበት አቅጣጫ። በዚያ አገር ከውሃ ላይ ስምህ ሲጠራ ለመጀመሪያው ጥሪ አትመልስም። ለሁለተኛውም አትመልስም። ሦስተኛውን ትጠብቃለህ፤ ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል። አያ ላቀው ገና በገባሁ ማግስት የነገሩኝ ይህንን ነው፤ ስለ አጥንት ያነሱልኝ ከዚያ በኋላ ነበር።

ማስተማሪያቸው አንድ የቆዳ ስልቻ ነበር። አሮጌ ማሰሮ ያስገቡበትና አፉን አስረው በዘነዘና አንድ ጊዜ ይመቱታል። ከዚያ አፉን ላላ አድርገው እጄን ያስገቡኛል። ሥራዬ ገሉን እየዳሰስኩ፣ ጠርዝን ከጠርዝ እየገጠምኩ፣ እዚያው ባለው እርጥብ ጭቃ እያያዝኩ ማሰሮውን እንደነበረ ማቆም ነው። ማየት ክልክል ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ሆነው ሸምበቆ ይልጋሉ።

"አጥንት ከሥጋ ውስጥ ሁኖ ነው የሚሰበረው፤ ማን ገልጦ ያሳይሃል?" ይሉኛል። "ዓይንህን ያመንክ ለታ እጅህ ይሰንፋል።"

መጀመሪያ ሰሞን ጣቶቼ ተቆራረጡ እንጂ ምንም አልቆመም። ማታ ማታ የዳጉሳ እንጀራ በጓያ ሽሮ ስበላ በርበሬው ቁስሌን ያንገበግበው ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ጣቶቼ ነገሩን ያዙት። የማሰሮው ከንፈር ዞሮ ገጠመ፣ ሆዱ ሞላ፣ ቆመ። ደስ አለኝ። ወዲያው ስልቻው ግርጌ ላይ ጣቴን አንድ ነገር ነካው።

"አያ ላቀው፣ አንድ ገል ተረፈኝ።"

"አስገድደህ እንዳታስገባው።"

"ቦታው የት ነው ታዲያ?"

"ቦታ የለውም፣ የተረፈ ነው። የተረፈውን መተው ነው። አምጣው ወዲህ።"

ተቀበሉኝና ዓይናቸውን ጨፍነው በጣቶቻቸው መካከል አገላበጡት። ከዚያ ተነሥተው ሸምበቆ መረጡ፣ በሰው ጭን ልክ ቆረጡ፣ አለዝበው ደጃፉ ላይ ደረደሩት። ገሉን ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ውሃ ወረወሩት። ቀትር ላይ አንዲት ሴት ባሏን በታንኳ አስተኝታ መጣች፤ በሬ ረግጦት ጭኑ ተሰብሯል። ሸምበቆው ልኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሰሮው በቆመ ቁጥር አንድ ገል ይተርፋል። ትንሽ ሲሆን የጣት ወይም የእጅ ስብራት ይመጣል፤ ሰፊ ሲሆን የትከሻ። ምንም ያልተረፈበት ቀን አላስታውስም። እኔ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሽማግሌው ስልቻውን በደንብ ስለማያራግፉት የድሮ ገል እየቀረበት ነው አልኩ። አንድ ቅዳሜ ወረታ ገበያ ሄድኩና እሳት ያልነካው አዲስ ማሰሮ ገዛሁ። እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። ገሉን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ነው። እናቴ ቆሎ በላከችልኝ ንጹሕ ከረጢት ከተትኩና ዓይኔን ጨፍኜ መግጠም ጀመርኩ።

ማሰሮው ቆመ። ከረጢቱ ግርጌ አንድ ገል ቀረ።

ዘርግፌ ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት። አሥራ ሰባቱ ቀያዮች ናቸው። አሥራ ስምንተኛው ብዙ ዘመን እሳት ላይ እንደኖረ ማሰሮ በጥላሸት የጠቆረ ነበር። ቀኑ ብራ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ከሩቅ ቅዳሴው ይሰማል፤ ያም ሆኖ ፀጉሬ ቆመ። ገሉን እንደያዝኩ ከቤት ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። አያ ላቀው ከቤተ ክርስቲያን መጡ፤ ምንም ሳልነግራቸው እጃቸውን ዘረጉ።

"አምጣው።"

ሰጠኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። "ለአንተም መጣ" ብቻ አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አልነበረም፣ ያዘኑልኝ ነው የመሰለኝ።

"ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳቸው።

"እኔም አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። እሳቸውም አባታቸውን ጠይቀው ነበር።"

ከዚህ ሌላ አልነገሩኝም። በዚያ ቀን እዚያው ብቀር ምን እንደምሆን ታየኝና ፈራሁ። ሙያውን ወድጄው ነበር፤ እጄ እንዲህ ደስ ብሎት የሠራበት ጊዜ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ያን ጥቁር ገል በየጠዋቱ መቀበልን ግን ፈራሁት።

በዚያው ሰሞን ነው የባዮሎጂ መጽሐፌን ያሳየኋቸው። የእጅ አጥንት ሥዕል ያለበትን ገጽ ገለጥኩላቸው፤ እያንዳንዱ አጥንት ከነስሙ። ለረዥም ጊዜ በትሕትና አዩት።

"የማን እጅ ነው?"

"የማንም አይደለም። የሰው እጅ ነው።"

"የማንም ያልሆነ እጅ አጋጥሞኝ አያውቅም" አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ። ከዚያ እያመነቱ ጠየቁኝ። "ያ ትምህርትህ ስንት ዓመት ነው?"

"አራት።"

"ከዚያስ?"

"ዲግሪ ይሰጡኛል።"

"በሱ ምን ትጠግንበታለህ?"

"ደመወዝ አለው" አልኳቸው።

"እሱስ ደግ ነው" አሉ፤ እያሾፉ አልነበረም። "ዕዳስ የለበትም?"

"የለበትም፣ ነጻ ነው።"

"የኔም ነጻ ነው። ከተማርከው ወዲያ ግን በር መዝጋት የለም። ሰው ሲመጣብህ ከማዕድህም ቢሆን ትነሣለህ። የኔ ትምህርት ዕዳው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ከተቀመጥክ ይበቃሃል። አስብበት።"

አሰብኩበት። ነሐሴን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አንድ ቀን እቀራለሁ እላለሁ፣ በማግስቱ ውጤቴ ይምጣልኝ ብዬ እጸልያለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ባለ ታንኳ፣ ኮሌጅ የተመደቡ ተማሪዎች ስም ወረታ ተለጥፏል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ልሄድ ስነሣ አያ ላቀው መጀመሪያ ስልቻውን አቀረቡልኝ። ማሰሮው እንደ ወትሮው ቆመ፣ ገሉም እንደ ወትሮው ተረፈ፤ ረዘም ያለ ቀጭን ገል ነበር። ከሌላው ቀን አብልጠው ዳሰሱት። አራት ሸምበቆ ቆረጡ። ገሉን ግን ውሃ ውስጥ አልጣሉትም፣ ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ዞር ሲሉ አንዱን ሸምበቆ አንሥቼ በቀኝ ክንዴ ላይ አስተኛሁት። ከክርኔ እስከ መዳፌ፣ ልክክ አለ።

"ብቻዬን እሄዳለሁ" አልኩ።

"አይሆንም፣ ውሃው አልረጋም። እኔ አደርስሃለሁ።"

ታንኳዋ ላይ ስንወጣ ቀኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ሊሰበር የተቆረጠለት እጅ የእኔ ነው፤ እንግዲህ ዛሬ ይህን እጅ ማንም እንዳይነካው፣ ምንም እንዳይመታው አልኩ። ጉሙ ታንኳዋን ዋጣት። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ጀርባ እንኳ እየታየ ይጠፋል። መቅዘፊያቸው ውሃውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። መካከል ላይ ስንደርስ አንድ ድምፅ ስሜን ጠራኝ። የእናቴ ድምፅ ነበር። አያ ላቀው መቅዘፊያቸውን አቁመው ጠበቁ። እንደገና ጠራኝ፤ በጣም ቅርብ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት መሰለኝ። ሦስተኛ ሳይጠራኝ ቀረ። አያ ላቀው ቀዘፋቸውን ቀጠሉ። ወረታ ስንደርስ እናቴን ጠየቅኳት፤ ከጠዋት ጀምሮ ከቤት አልወጣችም።

ስሜ ተለጥፏል። አዲስ አበባ ተመድቤያለሁ። ዝርዝሩን ሳነብ እንኳ ቀኝ እጄ ብብቴ ውስጥ ነበር፤ ስሜን ያገኘሁት በግራ እጄ ጣት እየተከተልኩ ነው። እናቴ እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። ለአያ ላቀው ጠላ ቀዳችላቸው፤ ፉት አሉና "መልካም ነው፣ ያድርግለት" አሉ። ምሳ በልተን፣ ልብሴንና መጽሐፌን ላመጣ አብሬያቸው ተመለስኩ።

የሆነው ከዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ታንኳዋ ጉብታው ጫፍ ስትደርስ እሳቸው ቀድመው ወረዱና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሰው እጅ ሲዘረጋልህ እጅህን ትሰጣለህ። እኔ አልሰጠሁም፤ ቀኝ እጄን ብብቴ ውስጥ እንዳጣበቅኩ፣ በአንድ እጄ ሚዛኔን እየጠበቅኩ ልዘል አልኩ። ጭቃው አንሸራተተኝ። አያ ላቀው እንዳልወድቅ ተወርውረው ጋቢዬን ያዙ፤ እኔ ቆምኩ፣ እሳቸው ወደቁ። በቀኝ እጃቸው ላይ ነው የወደቁት። ድምፁን ሰማሁት።

አልጮኹም። የተሰበረ እጃቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ወደ ቤት ገቡና ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። አራቱ ሸምበቆ ጠዋት ካስቀመጡት ቦታ ነው፤ ጋቢያቸው ላይ የቋጠሩት ገል የራሳቸው ኖሯል።

"እንግዲህ ሥራህ ነው" አሉኝ። "ዓይንህን ጨፍን።"

ጨፈንኩ። የእጅ አንጓቸው ላይ ነበር የተሰበረው። ቅቤ ቀባሁና መዳሰስ ጀመርኩ፤ ጣቶቼ ሁሉን አገኙት። ሁለቱ ትልልቅ አጥንቶች የት እንደተላቀቁ፣ ትንንሾቹ የት እንደተገፉ እንደዚያ ማሰሮ ሆዱና ከንፈሩ ታወቀኝ። ሳብ አድርጌ መለስኳቸው፤ ገቡ። ሲገቡ እሳቸው ተነፈሱ። አለቀ ስል አውራ ጣቴ ስር አንዲት ጉብታ ተሰማችኝ። ጠንካራ ናት፣ ከየትኛውም ጋር አልገጠመችም። እጄ ተዋት አለኝ፤ ይህን እስከ ዛሬ በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ እጄ ተዋት ብሎኛል።

እኔ ግን ፈራሁ። የፎገራ ሕዝብ ሁሉ የሚተማመንበት እጅ ነው የያዝኩት፤ ብሳሳትስ አልኩ። ዓይኔን ገለጥኩ። የቆሰለ፣ ያበጠ የሽማግሌ እጅ አየሁ፤ ወዲያው ያ የመጽሐፉ ሥዕል ከነስሞቹ ፊቴ ላይ መጣ። በሥዕሉ ላይ እዚያ ቦታ ጉብታ የለም። ከቦታው የወጣ አጥንት ነው አልኩና በአውራ ጣቴ በኃይል ገፋሁት። የሆነ ነገር ቀጭ ብሎ ገባ።

የአያ ላቀው ፊት አመድ መሰለ።

"ዓይንህን ገልጠሃል" አሉ።

"አልገለጥኩም።"

"እሽ። እሰረው" አሉኝ።

አሰርኩት። ሸምበቆው ልኩ ነበር። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄድኩ።

ለእረፍት የተመለስኩት በጥር ነው። ውሃው ሸሽቶ፣ ሜዳው በጓያ ለምልሞ፣ ከብቱ ከደጋ ወርዶ ነበር። አዲስ ጫማ አድርጌ ያንን የሦስት ሰዓት መንገድ እየፎከርኩ ሄድኩት ማለት ይቻላል፤ ሰላም ልላቸው፣ አንድ ኪሎ ስኳር ላደርስላቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በግራ እጃቸው ሸምበቆ እየላጉ ነው። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተጣሞ ተጋድሟል፣ ጣቶቹ አይታጠፉም። ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደው ዘፍዝፈውት ነበር፤ አልተፍታታም።

"ያቺ ጉብታ የልጅነቴ ናት" አሉኝ። "ልጅ ሁኜ ወድቄ የተረፈች ናት። አባቴ ትተዋት ነበር።"

ስለ ገለጥኩት ዓይን አላነሡም። ቤቱን ስመለከት በግድግዳው ዙሪያ በየልኩ የተቆረጠ ሸምበቆ ተደግፏል፤ የጭን፣ የክንድ፣ የጣት፣ የሕፃን። በየጠዋቱ ነው የሚቆርጡት። ማወቁ አልተዋቸውም፤ እጃቸው ብቻ ነው የተዋቸው። እዚያ ተቀምጠን ሳለን አንድ ገበሬ ልጁን አዝሎ መጣ፣ ልጁ ያለቅሳል። አያ ላቀው ያዘጋጁትን ሸምበቆ አንሥተው ለአባትየው ሰጡትና "ይኸን ይዘህ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አድርሰው፤ ልኩ ነው በላቸው" አሉት። ሰውየው መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ አዲሱን ጫማዬን አየ። ልጁን አስተካክሎ አዘለና ሄደ። ለቅሶው ከሜዳው ላይ ለረዥም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ለስመኝ ትናንት ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። መፈልፈያው ቆሟል መሰለኝ፣ በጸጥታ ነው የሰማችኝ። ስጨርስ ምክሬን ልሰጣት ተዘጋጅቼ ነበር፦ ዲግሪው ጥፋት የለበትም፣ ሙያውም ጥፋት የለበትም፣ የምትማሪውን ከፈራሽው ግን ሁለቱም ያበላሻሉ የሚል ነገር። የጡረተኛ ምክር ነው። እሷ ግን ቀደመችኝ።

"ጋሼ፣ ተጣሞ የተጠገነ አጥንት እንደገና ተሰብሮ ይቃናል አይደል?"

"ይቃናል" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ሰብረው አልጠገኑትም?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ታሪኩን ማንም ስለማያውቀው ነው። ልዋሽ እችል ነበር፣ ከዚህ በፊትም ዋሽቻለሁ። ግን እውነቱን ነገርኳት። ያን ጊዜ በጥር፣ ገበሬው ልጁን ይዞ ከሄደ በኋላ፣ አያ ላቀው ያን ጠማማ እጃቸውን አንሥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። "ስበረውና እንደገና ግጠመው" አሉኝ። "አሁን ዓይንህን ጨፍነህ ትሠራዋለህ፣ አውቃለሁ። አርባ ቀን ብቻ ተቀመጥልኝ።" ፈተና አለብኝ አልኳቸው። ፈተና አልነበረብኝም። እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ አነሡና "እሽ የኔ ልጅ፣ ትምህርትህን" አሉ፤ እስከ መንገዱም ሸኙኝ። ለመሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ሰጥቻለሁ፣ ለእሳቸው አርባ ቀን አልነበረኝም።

ቀጥዬም፣ ወደ ማሽን ጠጋኙ ሰውዬ ሄደሽ ሙያውን ተማሪ፣ የወጪ መጋራቱን ዕዳ ደግሞ ከጡረታዬ ቀስ እያልኩ እኔ እከፍልልሻለሁ አልኳት።

"ይተዉት ጋሼ" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። "የኔስ ዕዳ ልኩ ይታወቃል።"